ራውተሩ ሲታመም በየት በር ይገባል?

(አዲስ አበባ ውስጥ ለጀማሪ የኔትወርክ ባለሙያዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ራውተራችሁ፣ ኔትወርኮችን የሚያገናኘው ሳጥን፣ ደህና ሲሆን መግባት ቀላል ነው። ላፕቶፕ ትከፍታላችሁ፣ አይፒ አድራሻውን ትጽፋላችሁ፣ ገባችሁ። ሲታመምስ? መስመሩ ሲቆረጥ፣ ሶፍትዌሩ አልነሳ ሲል፣ በየት በር ትገባላችሁ? ከጠረጴዛው ላይ ያሉት ገመዶች፣ አሮጌው ሞደምና ትንሿ ሲም ካርድ ሁሉ የመጡት ለዚህች ጥያቄ ነው።

አንድ ታሪክ ላስቀድም። አሥር ዓመት አልፎታል። የአንድ ድርጅት ቅርንጫፎችን ኔትወርክ የምንከታተል ሦስት ልጆች ነበርን። አንድ ቅዳሜ ማታ የጅማውን ቅርንጫፍ ራውተር ሶፍትዌር ከአዲስ አበባ ሆኜ እያደስኩ ነበር። መስመሩ ቀርፋፋ ነው። አዲሱን ፋይል ለመላክ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። እንደተላከ ደስ ብሎኝ፣ በትክክል መድረሱን ሳላረጋግጥ ራውተሩ እንደገና እንዲነሳ አዘዝኩት።

አልተመለሰም። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ሩብ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት። ፒንግ አደርጋለሁ፣ አለህ ወይ የሚል ምልክት እልካለሁ፣ መልስ የለም። ለቅርንጫፉ ጥበቃ ደወልኩ። አባባ፣ እባክዎ ኮሪደሩ ላይ ያለችውን ሳጥን አጥፍተው ያብሩልኝ አልኳቸው። አጠፉ፣ አበሩ። መብራቷ በርቷል አሉኝ። እኔ ጋ ግን ምንም የለም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚባለው ያን ማታ ገባኝ።

እሁድ ንጋት 11 ሰዓት ላይ መኪና ተነሳ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስደርስ ቀትር ሆኗል። ላፕቶፔን አውጥቼ ሰማያዊዋን ገመድ ኮንሶል ፖርቱ ላይ፣ ራውተሩን በቀጥታ በገመድ የምናዝበት ቀዳዳ ላይ፣ ሰካሁ። ራውተሩ አልሞተም ነበር። የተላከው ፋይል ተበላሽቶ ስለደረሰ መነሳት አቅቶት፣ ሮምሞን የሚባለው መነሻ ሁኔታ ላይ ቆሞ ትዕዛዝ እየጠበቀ ነው። አሮጌው ፋይል አሁንም እዚያው ሜሞሪው ላይ አለ። በአሮጌው ፋይል ተነሳ የምትል አንዲት መስመር ጻፍኩ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሁሉም ነገር ተመለሰ።

ጥበቃው አጠገቤ ቆመው ያያሉ። «ልጄ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህች ገመድ ላይ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ታዲያ ትተሃት አትሄድም ነበር? እኔ እሰካልህ አልነበረም?»

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይህን ነበር የማስበው። ልክ ናቸው። ችግሩ ፋይሉ መበላሸቱ ብቻ አልነበረም። ፋይል ይበላሻል። ችግሩ ወደዚያ ራውተር የሚወስደኝ መንገድ በራሱ በራውተሩ ውስጥ የሚያልፍ አንድ መንገድ ብቻ መሆኑ ነው። ራውተሩ ሲወድቅ መንገዱም አብሮ ወደቀ። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ዘግቶ እንደመውጣት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ኮንሶል ፖርት የምትባለዋን እንያት። ብዙ ሰው ራውተሩን ገዝቶ በመጀመሪያው ቀን ይጠቀምባትና ይረሳታል። እኔ ግን ከራውተሩ አካል ሁሉ የምወዳት እሷን ነው።

በኮንሶል ፖርቷ ውስጥ የሚያልፈው አርኤስ-232 የሚባል አሠራር ነው። በፈረንጆቹ 1960 የወጣ ነው። ያኔ የታሰበው ቴሌፕሪንተርን ከሞደም ጋር ለማገናኘት ነበር። ከ60 ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የሚያወጡ ራውተሮች ላይ አለ። ለምን አልተጣለም? ምንም ስለማይፈልግ ነው። አይፒ አድራሻ አይፈልግም። ራውቲንግ፣ ማለትም መንገድ መምረጥ፣ አይፈልግም። ኢንተርፌስ፣ ማለትም የኔትወርክ በሩ፣ መነሳት የለበትም። ሶፍትዌሩ ራሱ መነሳት የለበትም። ራውተሩ ኃይል አግኝቶ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት መጻፍ ከቻለ፣ እናንተ ታነቡታላችሁ። ኤስኤስኤች፣ በኔትወርክ በኩል ከሩቅ የሚያስገባው መንገድ፣ ከራውተሩ ጋር የሚያገናኛችሁ ራውተሩ ተነስቶ፣ ለብሶ፣ ቢሮ ከገባ በኋላ ነው። በኮንሶል ግን ከአልጋው ሳይወርድ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ገመዷ ብዙ ጊዜ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ናት። በአንድ ጫፏ የኔትወርክ ገመድ የሚመስል መሰኪያ አላት፣ በሌላው ባለ 9 ፒን ሲሪያል መሰኪያ። መሰኪያዋ ስለሚመሳሰል እንደ ተራ የኔትወርክ ገመድ እንዳታዩዋት። ሮልኦቨር ትባላለች። ሽቦዎቿ ተገልብጠዋል፤ 1ኛው ከ8ኛው፣ 2ኛው ከ7ኛው እያለ ይሄዳል። ተራ የኔትወርክ ገመድ ኮንሶሉ ላይ ሰክቶ ራውተሩ ተበላሽቷል ያለ ልጅ አጋጥሞኛል። ራውተሩ ምንም አልሆነም ነበር።

የዛሬ ላፕቶፖች ሲሪያል ፖርት ስለሌላቸው ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር አስማሚ ያስፈልጋችኋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ገበያው ላይ ያሉት ሁሉ አንድ አይደሉም። ውስጣቸው ያለው ቺፕ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በፈረንጆቹ 2014 ኤፍቲዲአይ የተባለው ቺፕ ሠሪ በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል አዲስ ድራይቨር፣ ኮምፒውተሩን ከአስማሚው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ ለቀቀ። ድራይቨሩ አስመስለው የተሠሩትን ቺፖች መታወቂያ ቁጥር እየለወጠ ከሥራ ውጭ አደረጋቸው። ትናንት ይሠራ የነበረ አስማሚ ዛሬ ዝም አለ። ብዙ ቁጣ ስለተነሳ ኩባንያው ድራይቨሩን ሳበው። ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። አስማሚውን ከመርካቶም ግዙት ከሌላ ቦታ፣ ሁለት ግዙ። ቢሮ ውስጥ በሚሠራ ራውተር ላይ ሞክሩት። ገጠር ላይ የመጀመሪያ ሙከራ አታድርጉ።

ከዚያ ፍጥነቱ ነው። በሲስኮና በሁዋዌ ኩባንያዎች ራውተሮች ላይ የተለመደው በሰከንድ 9600 ቢት ነው። 8 ቢት፣ ፓሪቲ (የስህተት መፈተሻ ቢት) የለም፣ 1 ማቆሚያ ቢት። ማይክሮቲክ ላይ ደግሞ 115200 ነው። ሰክታችሁ የተመሰቃቀለ ምልክት ከመጣ አትደንግጡ፤ ፍጥነቱ አልተገጣጠመም ማለት ነው። ምንም ካልመጣ ኮምፒውተራችሁ ላይ የመረጣችሁት የፖርት ቁጥር ሌላ ነው፣ ወይም ገመዱ ነው። ጽሑፍ እየመጣ እናንተ የምትጽፉት የማይገባ ከሆነ ደግሞ ፍሎው ኮንትሮል (የመረጃ ፍሰት መቆጣጠሪያ) የሚለውን ተመልከቱ። ፑቲ የሚባለውን ወደ ኮንሶሉ የምትገቡበትን ፕሮግራም ስትከፍቱት ኤክስኦን ኤክስኦፍ የሚባለው ተመርጦ ይመጣል። ምንም ወደሚለው ቀይሩት። ይህች አንዲት መስመር የስንት ሰው ሌሊት እንደበላች አይቻለሁ።

አንዳንድ ራውተሮች ከዚህች ኮንሶል ሌላ ትንሽ የዩኤስቢ ኮንሶል አላቸው። ጥሩ ነው፣ አስማሚ አያስፈልግም። ግን ሁለቱም ከተሰኩ ሲስኮ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ለዩኤስቢው ነው። በሌላው በኩል የሚጻፈውን አይቀበልም። ስለዚህ ሥራችሁን ጨርሳችሁ ስትወጡ የዩኤስቢ ገመዱን ንቀሉ። ካልነቀላችሁ፣ በሌላው ፖርት የተሰካው፣ ከሩቅ የምትገቡበት መሣሪያ በምትፈልጉት ሌሊት ዝም ይላችኋል።

እስካሁን ያወራሁት ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ ነው። የእኛ ችግር ግን ርቀቱ ነው። ጅማ፣ ጎንደር፣ ጂግጂጋ ያለው ራውተር አጠገብ ማን አለ?

ድሮ መልሱ ኦክስ ወይም ኦግዚለሪ የምትባለዋ ፖርት ነበረች። እሷ ላይ ሞደም ይሰካል፣ ሞደሙ ላይ የስልክ መስመር። መረቡ ሲሞት ስልክ ደውሎ ይገባል። ዛሬ በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ይህች ፖርት የለችም። ባላቸው ላይ ግን አንድ ቆንጆ ሥራ ትሠራላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ራውተሮች ካሏችሁ የአንዱን ኦክስ ከሌላው ኮንሶል ጋር በሮልኦቨር ገመድ አገናኙ። የሁለተኛውንም ኦክስ ወደ አንደኛው ኮንሶል። ሁለት ገመድ ብቻ። አንዱ ሲወድቅ በቆመው በኩል ትገቡና በኦክሱ አድርጋችሁ የወደቀውን ኮንሶል ታገኛላችሁ። ጎረቤት የጎረቤቱን ቤት ቁልፍ እንደሚያስቀምጥለት ማለት ነው። በቴልኔት፣ ከሩቅ በሚያስገባው ፕሮግራም፣ የምትጠሩት የፖርት ቁጥር 2000 ላይ የመስመሩ ቁጥር ተደምሮ ነው። የመስመሩን ቁጥር ሾው ላይን ብላችሁ ታያላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኦክሱ መስመር ላይ ኖ ኤግዜክ የምትለውን ትዕዛዝ ማስገባት አለባችሁ። ካልሆነ ኦክሱም እንደ ኮንሶሉ ተጠቃሚ ይጠብቃል። አንዱ ፓስወርድ ብሎ ይጽፋል። ሌላው ፓስወርድ የሚል ትዕዛዝ አላውቅም ብሎ ይመልሳል። ያኛው መልሱን እንደ ፓስወርድ ቆጥሮ ስህተት ነው ይላል። ሁለቱ ማሽኖች ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲጨቃጨቁ ያድራሉ፤ ፕሮሰሰሩም በከንቱ ይባክናል።

ራውተሮቹና ስዊቾቹ (የአንድ ቢሮ መሣሪያዎችን የሚያገናኙት ሳጥኖች) ሲበዙ ኮንሶል ሰርቨር ይመጣል። ባለ 8፣ ባለ 16፣ ባለ 48 ፖርት ሳጥን ነው። የሁሉም መሣሪያ ኮንሶል እሱ ላይ ይሰካል፤ እናንተ እሱ ጋ ትገቡና ወደምትፈልጉት ታልፋላችሁ። እኔ መጀመሪያ የተማርኩበት ሲስኮ 2511 የሚባል አሮጌ ራውተር ነበር፤ 16 ሲሪያል መስመሮች ነበሩት፣ ስምንት ስምንት ጅራት ባላቸው ሁለት ወፋፍራም ገመዶች። ዛሬ ዋጋው ለሚከብዳችሁ ራስበሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተርና ጥቂት የዩኤስቢ አስማሚዎች ለአንድ ትንሽ ቅርንጫፍ ይበቃሉ። ሰር-ቱ-ኔት የሚባል ነፃ ፕሮግራም ሲሪያሉን ወደ ኔትወርክ ይቀይርላችኋል።

እኛ ከጅማው ጉዞ በኋላ ያደረግነው ከዚህም ያነሰ ነው። ከስቶር አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አወጣን። ሲሪያል ፖርት ነበረው። ሰማያዊዋን ገመድ ሰክተን ትተናት መጣን፣ ልክ ጥበቃው እንዳሉት። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ሲም ያለው ዶንግል፣ ትንሽ የሞባይል ሞደም፣ ሰካን። የቅርንጫፉ መስመር ቢቆረጥም ኮምፒውተሩ በሞባይል ኔትወርክ እኛን ያገኛል። ዋጋው የዶንግሉና የጥቅሉ ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሩ እኛን ያገኛል ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሲም ካርድ ላይ የሚሰጣችሁ አይፒ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚደወልለት አይደለም። ብዙ ደንበኛ በአንድ አድራሻ ይወጣል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ወደ ሲሙ መግባት አትችሉም። ማድረግ ያለባችሁ ተቃራኒውን ነው። ቅርንጫፉ ያለችው መሣሪያ ራሷ ወደ ዋናው ቢሮ ቪፒኤን የሚባል የተጠበቀ መስመር ትክፈት፣ ክፍት አድርጋም ትጠብቅ። እናንተ በዚያው በተከፈተው ቱቦ ውስጥ ትመለሳላችሁ። ይህ ከደህንነት አንፃርም ይሻላል፤ ኢንተርኔት ላይ ተጋልጦ የሚቀመጥ በር አይኖርም።

ሲሙ የማን ይሁን? ድሮ ምርጫ አልነበረንም። ዋናው መስመርም ሲሙም ከአንድ ኦፕሬተር ነበር። የከተማው ፋይበር ሲቆረጥ ሁለቱም አብረው ይሄዱ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ በይፋ ከጀመረ ወዲህ ኔትወርኩ በደረሰበት ሁሉ ምርጫ አለ። ዋናው መስመራችሁ ከኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ፣ የመጠባበቂያው ሲም ከሌላው ይሁን። ወይም በግልባጩ።

ይህን ነገር ትንሽ የቅርንጫፍ ጉዳይ አድርጋችሁ እንዳታዩት ሁለት ትልልቅ ታሪኮች ልንገራችሁ።

አንደኛው የካናዳ ነው። ቶሮንቶ ዘመድ ያላችሁ ታስታውሱት ይሆናል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ቀን 2022፣ አርብ ጎህ ሳይቀድ ሮጀርስ የተባለው የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያ መሐንዲሶች ዋናውን ኔትወርክ እያደሱ ነበር። በእድሳቱ መሐል ከማከፋፈያ ራውተሮች ላይ አንድ ማጣሪያ ተነሳ። ማጣሪያው ወደ ዋናዎቹ ራውተሮች የሚሄደውን የመንገድ መረጃ የሚገድብ ነው። ሲነሳ መረጃው እንደ ክረምት ጎርፍ ገባ። ዋናዎቹ ራውተሮች መሸከም አቃታቸው፣ ወደቁ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ስልክም ኢንተርኔትም አጣ። ሰዎች ለ911 ድንገተኛ ጥሪ መደወል አቃታቸው። በካርድ መክፈል ቆመ።

እስከዚህ ድረስ የማንም ኩባንያ ስህተት ሊሆን ይችላል። የሚያሳዝነው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የሮጀርስ መቆጣጠሪያ ኔትወርክ የሚያልፈው በወደቀው በዚያው ዋና ኔትወርክ ላይ ነበር። መሐንዲሶቹ ወደ ራውተሮቹ መግባት አልቻሉም። እርስ በርሳቸው እንኳ መነጋገር አቃታቸው፣ ስልካቸውም የሮጀርስ ነውና። ለሠራተኞቹ የሌላ ኦፕሬተር ሲም ካርድ እየታደለ ነበር ሥራው የቀጠለው። ምን እንደተፈጠረ የሚናገሩትን የስህተት መዝገቦች ለማየት የቻሉት 14 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። ማጣሪያውን መመለስ ብዙ ጊዜ የሚወስድ ሥራ አይደለም። ጊዜውን የበላው በር ፍለጋው ነው። አገልግሎቱ በአብዛኛው የተመለሰው በማግስቱ ነበር። ኩባንያው ከዚያ በኋላ የመቆጣጠሪያ ኔትወርኩን ለብቻው ወደ መለየት ሄደ።

ይህን ስሰማ የጅማዋ እሁድ ናት ትዝ ያለችኝ። የእኔ አንድ ቅርንጫፍ፣ የእነሱ አንድ አገር። አወዳደቁ ግን አንድ ነው።

ሁለተኛው የፌስቡክ ነው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ሁሉ ጠፉ። በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትዕዛዝ ዳታ ሴንተሮቻቸውን የሚያገናኘውን ዋና መስመር አወረደው። ለብቻው የተሠራ የመቆጣጠሪያ ኔትወርክ ነበራቸው። ኩባንያው በኋላ እንደገለጸው ያም አብሮ አልሠራም። መሐንዲሶች በአካል ወደ ዳታ ሴንተር ተላኩ። ስድስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። እዚህ ላይ እንድታዩ የምፈልገው ነገር፣ የኋላ በር መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ ነው። በሩ ከፊት ለፊቱ በር ጋር በአንድ ማጠፊያ የተያያዘ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ስህተት በትንሹም ይሠራል። አብዛኞቹ ትልልቅ ራውተሮች ለመቆጣጠሪያ ብቻ የምትሆን የኤተርኔት ፖርት አላቸው፣ ከሌላው ትራፊክ ተለይታ የቆመች። ጥሩ ነገር ናት። ግን ያቺን ፖርት የሚሰኩት የት ነው? ያው ራውተሩ ሥር ያለው ስዊች ላይ። ያ ስዊች ወደ ውጭ የሚወጣው ደግሞ በዚያው ራውተር ነው። ስሟ ብቻ የተለየ ሆነ። ገመዱን በጣታችሁ ተከተሉት። ከፖርቷ ተነስታችሁ እናንተ ላፕቶፕ ድረስ። መንገድ ላይ የምትቆጣጠሩትን ራውተር ካገኛችሁት ያ የኋላ በር አይደለም።

ኃይሉንም እንዲሁ። መብራት ሲሄድ ራውተሩ ዩፒኤስ (የባትሪ መጠባበቂያ) ላይ ሆኖ የኋላው በር ግድግዳ ላይ ከተሰካ፣ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው።

ስለ መከታተያ ሰርቨሮች በአጭሩ። ኤስኤንኤምፒ የሚባለው የመከታተያ ቋንቋ በፖርት 161 ይጠይቃል፣ ራውተሩ በ162 ያስጠነቅቃል። ሲስሎግ በ514 መዝገቡን ወደ ውጭ ይልካል። እነዚህ ራውተሩ እየታመመ መሆኑን ይነግሯችኋል፣ ሲወድቅ ግን አብረውት ዝም ይላሉ። ስለዚህ ከኮንሶል ጋር እንጂ በኮንሶል ፋንታ አታስቡዋቸው። በግልባጩ ደግሞ መዝገቡን ሁሉ ኮንሶሉ ላይ አትልቀቁ። 9600 ማለት በሰከንድ 960 ፊደል ገደማ ነው። ሥራ በበዛበት ራውተር ላይ ዲበግ፣ ዝርዝር የምርመራ መዝገብ፣ ከፍታችሁ በዚህች ቀጭን ቱቦ ልልቀቀው ብትሉ ራውተሩ ራሱ ሊሰቀልባችሁ ይችላል።

መዝገብ ካነሳሁ አይቀር ሰዓትም ላንሳ። የሁሉም መሣሪያ ሰዓት ኤንቲፒ በሚባለው የሰዓት ማስተካከያ ይገጣጠም። ከዚያ ከሰው ስትሰሙ ደግሞ ተጠንቀቁ። የቅርንጫፉ ሠራተኛ 2 ሰዓት ላይ ተቆረጠ ሲላችሁ፣ የጠዋት ከሆነ መዝገቡ ላይ 8፣ የማታ ከሆነ 20 ነው። አንድ ልጅ 2 ሰዓት የሚለውን ሰምቶ መዝገቡ ላይ 2 ሰዓትን ግማሽ ቀን ሲፈልግ አይቻለሁ። የጠዋት ነው የማታ ብላችሁ ጠይቁ፤ የጠዋት ከሆነ 6፣ የማታ ከሆነ 18 ጨምሩ።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። የኋላ በር ለእናንተ ከተከፈተ ለሌባም ተከፍቷል። ኮንሶሉ አጠገብ የደረሰ ሰው ገመድ ይዞ፣ ራውተሩን አጥፍቶ አብርቶ፣ ሲነሳ ብሬክ የሚባለውን የማቋረጫ ምልክት ልኮ፣ ፓስወርዱን ማለፍ ይችላል። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ፓስወርድ ለረሳ ሰው ተብሎ በመመሪያው የተጻፈ ነው። ስለዚህ ካቢኔቱ ይቆለፍ። ኮሪደር ላይ ክፍት አይሁን፣ የእኛ የጅማው እንደነበረው።

ከሥራ በኋላ ከኮንሶሉ ውጡ፤ ገመዱን መንቀል መውጣት አይደለም። ክፍት ትታችሁት ከሄዳችሁ ቀጥሎ የሚሰካው ሰው በእናንተ ሥልጣን ይገባል። ሲስኮ ላይ ሥራ ፈት የሆነ ኮንሶል በ10 ደቂቃ ራሱ ይዘጋል። ልምምድ ስታደርጉ እንዳያስቸግራችሁ ይህን ሰዓት አጥፍታችሁት ይሆናል። ያን ልማድ ወደ ሥራ ቦታ ይዛችሁ አትምጡ።

ሌላው የይለፍ ቃል ነው። ብዙ ቢሮ መግቢያውን ከማዕከላዊ ሰርቨር ጋር ያገናኛል። መስመሩ ሲቆረጥ ራውተሩ ያን ሰርቨር አያገኘውም። ኮንሶል ጋ ደርሳችሁ፣ ገመዱም ሠርቶ፣ ስማችሁን ጽፋችሁ አይገባም ሊላችሁ ይችላል። ሰርቨሩ ሲጠፋ ራውተሩ ላይ ራሱ የተቀመጠ አንድ ተጠቃሚ እንዲሠራ አድርጉ። ፓስወርዱን በታሸገ ፖስታ ኃላፊው ዘንድ አስቀምጡ። ወረቀት ላይ መጻፍ ነውር የሚመስለው አለ። እኔ አይመስለኝም። በካዝና ያለ ወረቀት ሌሊት ላይ ያወጣችኋል።

ከርቀት አደገኛ ለውጥ ስታደርጉ የሚረዳ አንድ ነገር ልጨምር። ሲስኮ ላይ ሪሎድ ኢን 10 ብላችሁ ጀምሩ። ለውጡን አድርጉ፣ ግን አታስቀምጡ። ራሳችሁን ቆልፋችሁ ከወጣችሁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ራውተሩ ተነስቶ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ደህና ከሆነ ሪሎድ ካንስል ብላችሁ ታስቀምጣላችሁ። ጁኒፐር ላይ ኮሚት ኮንፈርምድ ይህንኑ ያደርጋል፣ እንዲያውም ራውተሩን ሳያስነሳ። የሶፍትዌር ፋይል ስትልኩ ደግሞ ከማስነሳታችሁ በፊት ኤምዲ5 ቁጥሩን፣ ፋይሉ ሳይበላሽ መድረሱን የሚያሳየውን፣ አመሳክሩ። ያን ቅዳሜ ይህን ባደርግ ኖሮ እሁድ ቤቴ ነበርኩ።

በመጨረሻ፣ ሞክሩት። የኋላውን በር በወር አንድ ቀን ሆን ብላችሁ ግቡበት። የእኛ አሮጌ ኮምፒውተር በተሰካ በስድስተኛው ወር ዝም ብሎ ነበር፤ አንዳችንም አላወቅንም። የነገሩን ያው ጥበቃው ናቸው። ደውለው «ልጄ፣ ያቺ ትንሿ መብራት ሦስት ቀን ሆናት ከጠፋች» አሉኝ። የሲሙ ጥቅል አልቆ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቅል የሚሞላበትን ቀን ከደመወዝ ቀን ጋር አንድ አደረግነው፣ እንዳይረሳ። ጠዋት ጠዋትም ኮምፒውተሩ አንድ መልእክት እንዲልክልን አደረግን። መልእክቱ ካልመጣ እንደውላለን።

ይኸው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት አሮጌ ራውተሮች አሉ። አንደኛው ላይ ሆን ብዬ የሶፍትዌሩን ፋይል አበላሽቼዋለሁ። ሰማያዊ ገመዶችም አሉ፣ መሐላቸው አንድ ተራ የኔትወርክ ገመድ አለ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ኑ። መጀመሪያ ገመዱን ለዩ፣ ከዚያ አስነሱልኝ።